ሰባት ዙር መቀነት

ከሳጥኔ ግርጌ፣ ከቤቱ ካርታና ከድሮ የሥራ መታወቂያዎቼ ሥር፣ አንድ መቀነት ተጣጥፎ ይኖራል። ነጭ ነበር፤ ዕድሜ ወደ ገብስ ቀለም መልሶታል። ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው አረንጓዴ ጥለት አሁን በጣት ካልዳበሱት አይታወቅም። የእናቴ ነው። ባለፈው ወር ልጄ ሰናይት ልትጠይቀን ከባቱ መጥታ፣ እኔ ካርታውን ፈልጌ ሳጥኑን ስከፍት አየችው። አንስታ ዘረጋችውና፣ «አባዬ፣ የእማማ ነው አይደል? ለኔ ስጠኝ፤ ወገቤን እታሰርበታለሁ» አለችኝ። ከእጇ ነጠቅኳት። 

ልጄ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። አስተማሪ ናት፤ ስትቆጣ ድምጿን አታነሳም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ለምን ሰፊ ቀሚስ እንደለበሰች የገባኝ ሚስቴ በሩን ዘግታ ፊቴ ስትቆም ነው። «ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። እዚህ ቤት አንተ ብቻ ነህ ያላወቅኸው» አለችኝ። ለምን እንዳላወቅሁ ጠየቅሁ። «አፍህን ፈርታ ነዋ» አለችኝ።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ፣ ኤሌክትሪክን ከመጽሐፍ ለብቻዬ የተማርኩ፣ አራት ልጆች በቁጣም በምክርም ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ልጆቼን «ያጠፋ ሰው ጥፋቱን በአፉ ይናገር» እያልኩ አሳድጌያቸዋለሁ። እኔ ግን አንድ ጥፋት ሃምሳ ዓመት ይዤ ኖሬያለሁ። ያ መቀነት ምን እንደሆነ ለመናገር ወደዚያ መመለስ አለብኝ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ወንጂ፣ የአገዳ ቆራጮች ካምፕ ውስጥ ነበር። አባቴ ከከምባታ መጥቶ በቆራጭነት ጀመረ፤ ኋላ ካቦ ሆኖ ሃያ ሰው ያሰራ ነበር። ቤቶቹ በአንድ መስመር የተያያዙ ነበሩ፤ ግድግዳቸው የጋራ በመሆኑ የአንዱ ቤት ሳል ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። የእኔ ዘመን የወንጂ ልጆች ይህን ስታነቡ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ሽታው እንደሚሆን አውቃለሁ፤ የተቃጠለ አገዳ፣ የሞላሰስ ጣፋጭ ግማት፣ ከቦዩ የሚነሳው የጭቃ ሽታ። በአጨዳ ወራት ከመቆረጡ በፊት የአገዳው ቅጠል ይቃጠል ነበርና ጥቁር አመድ ከሰማይ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። እናቶቻችን ያሰጡትን ልብስ እያራገፉ ሲራገሙ እኛ አፋችንን ከፍተን እንቀበለው ነበር። ጥርሳችን በምንጠጣው ውሃ የበለዘ ስለነበር፣ ናዝሬት ስንሄድ የከተማ ልጆች ገና ስንስቅ ያውቁናል። ስለዚህ እዚያ አንስቅም ነበር። ሳቃችንን የምንስቀው እዚያው ካምፓችን ውስጥ፣ እርስ በርሳችን ላይ ነው።

ከሁላችን ይልቅ ምላሰኛው እኔ ነበርኩ። ይህን ለመመካት አልጽፈውም። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ከአራት ቤት በኋላ ያሉት እትዬ አረጋሽ ወለዱ። ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ያዩ ሴት ነበሩ፤ ፊት ጥርሳቸውም ወልቋል። ሰፈሩ ለጉድ አወራባቸው። በዚያ ዘመን ልጇን የዳረች ሴት ስታረግዝ ነውር ነበር፤ ለምን ነውር እንደሆነ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። ልጃቸው ግርማ የእኔ እኩያ ነው፤ ዝምተኛ፣ እግረ ረጅም፣ የካልሲ ኳስ ስንጫወት ሁልጊዜ በረኛ የምናደርገው። አንድ ቀን ጎል አገባሁ ስል አድኖብኝ ተናደድኩና ግጥም አወጣሁለት፤

«የግርማ እናት፣ የግርማ እናት፣
ልጇም ጥርስ የለው፣ እሷም የላት፣
አገዳውን ማን ያኝክላት?»

በሁለት ቀን ውስጥ ካምፑ በሙሉ ይዘፍነው ጀመር። ግርማ አልተጣላኝም። ኳስ መጫወት ብቻ አቆመ። እኔ ግን ቤታችን ደጃፍ ላይ ሳይቀር ስዘፍነው እናቴ ልብስ እያሰጣች ሰማችኝ። በልምጭ ትገርፈኛለች ብዬ ሸሸሁ። አልመጣችም። ከአንድ አንሶላ ላይ አመዱን በዝግታ እያራገፈች፣ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ» አለችኝ፤ ፊቷን አላዞረችም። ዛሬ ወራቱን ወደኋላ ስቆጥር በዚያች ቀን እሷም አርግዛ ነበር። የገዛ ልጇ ነገ ምን እንደሚላት ዛሬ በጆሮዋ ሰማች ማለት ነው።

እናቴ በለጡ ትባላለች። ያኔ አርባ አራት ወይም አርባ አምስት ይሆናታል፤ የተወለደችበትን ቀን የመዘገበ የለም። እኔ ከተወለድኩ በኋላ ሁለት ልጆች ሞተውባት፣ ለብዙ ዓመት ማኅፀኗ ዝም ብሎ ነበር። የወር አበባዋ ሲቀር ዕድሜዬ ደረሰ ብላ ዕፎይ አለች። ሆዷ ነፋ ሲል ብርድ ነው ብላ ከሴቶች ጋር ፍል ውሃ ወርዳ ሦስት ቀን ተቀመጠችበት። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ከጊዜ በኋላ የሰፈሩ አዋላጅ አዴ ጫልቱ ናቸው። «ብርድ መቼ ይራገጣል?» አሉኝ፤ ሊስቁ ጀምረው ተዉት።

ታላቅ እህቴ ዘነበች በዚያው ዓመት ሁሩታ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። እናቷ ታዋልዳታለች፣ ገንፎ ታበላታለች፣ ታጥባታለች፣ የልጅ አያያዝ ታስተምራታለች። እናቴ ለዚያ ቀን ቅቤ ስታጠራቅም፣ ገብስ ስትለቅም ነው የከረመችው። ዘነበች በስምንተኛ ወሯ ከሁሩታ መጥታ አልጋው ላይ ስትቀመጥ፣ «እማዬ፣ ወፍረሻል» አለቻት። እናቴም «የወንጂ ስኳር ነው» ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ነው ያየሁት። ደብተር ረስቼ ከትምህርት ቤት መንገድ ስመለስ እናቴ ጓዳ ውስጥ ቆማ መቀነቷን እየፈታች ነበር። መቀነቱ ወለሉ ላይ ተከምሯል፤ ሆዷ ከወገቧ በላይ ወጥቷል። ቆዳዋ ላይ የመቀነቱ ጠርዝ የሠራው ቀይ መስመር ዙሪያውን ይታያል። ጮሃ ልታባርረኝ ስትል እህቴ ውጭ መሆኗ ትዝ አላትና ድምጿን ዋጠች።

«አየህ?»

«አየሁ።»

«እንግዲህ አንተና አባትህ ብቻ ናችሁ የምታውቁት» አለች። «ለእህትህ ብትነግራት በነጋታው አማቷ መጥተው ይወስዷታል። ሁለት አራስ በአንድ ጣራ ሥር አይታረስም ይላሉ፤ አንዷ የሌላዋን ትወስዳለች ይላሉ። ልጄ በሰው አገር በሰው እጅ ከምትወልድ እኔ አንድ ወር ብታሰር ምን እሆናለሁ? እሷ በሰላም ትገላገል፣ ከዚያ ያለው ይምጣ።»

ማርያምን ብዬ ማልኩላት። እናቴ ለእህቴ ብዬ የማልኩላት መስሏት ግንባሬን ሳመችኝ። እኔ ግን የማልኩት ግርማን አስቤ ነው። የራሴን ግጥም በራሴ ስም ተቀይሮ በሌሎች አፍ ሰማሁት፤ ገና ማንም ሳይዘፍነው ሰማሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ተሰጠኝ። ረጅም መቀነት ለብቻ ሲታሰሩት አይጠብቅም። አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ይቆማል፤ የሚታሰረው ሰው ሌላውን ጫፍ ወገቡ ላይ አድርጎ ራሱን እያዞረ ወደያዘው ሰው ይመጣል። በየማለዳው ዘነበች ሳትነቃ፣ እናቴ ጓዳው ጥግ ትቆማለች፤ እኔ በሩ ጋ ጫፉን ይዤ እቆማለሁ። «ሳብ» ትለኛለች፣ እስባለሁ። ትዞራለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባት ዙር ነበር። በሰባተኛው ዙር ፊት ለፊቴ ትደርስና ትንፋሿ ግንባሬን ይነካኛል። ከላይ ሽንሽን ቀሚስና ነጠላ ስትደርብበት ምንም አይታወቅም። አንዳንድ ቀን «ይብቃ፣ ላላ አድርገው» ትለኛለች። እውነቱን ልናገር ስለተነሳሁ ይህንንም እናገራለሁ፤ ላላ አድርገው ስትለኝ ያላላሁ መስዬ ይበልጥ የሳብኩበት ቀን አለ። ሆዷ ጠፍቶ ቢቀርልኝ እወድ ነበር።

በሰባተኛ ወሯ እግሯ አበጠ። ጫማዋ እምቢ ስላላት የአባቴን ነጠላ ጫማ ታደርግ ጀመር። ራሷን ያማት ነበር፤ ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ ነው የምትውለው። አንድ ማለዳ መቀነቱን እየሳብኩላት ቆም አለችና፣ «ዓይኔ ላይ የእሳት ብልጭታ ያልፋል፤ አንተም ይታይሃል?» አለችኝ። እኔ አይታየኝም ነበር። «የአገዳው ቃጠሎ ይሆናል፤ ጭሱ ነው ራሴንም የሚያመኝ» ብላ ራሷ መለሰችው። ካምፑ ሁሉ ጭስ ስለነበር አመንኳት። ዛሬ ማንኛዋም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በእነዚያ ሦስት ምልክቶች ብቻ ይዛት ትሮጥ ነበር። ያኔ የሚያውቁት አዴ ጫልቱ ነበሩ፤ አዴ ጫልቱ እንዳያዩ ደግሞ እኔ በየማለዳው ጫፉን እስባለሁ።

አንድ ቅዳሜ የገንፎውን ገብስ ልናስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄድን። ለእህቴ መውለጃ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቷል። ስንሄድም ስንመለስም እኔ ከእናቴ ሃያ እርምጃ ያህል ቀድሜ ነው የምሄደው። በዚያ ሰሞን እንደዚያ መሄድ ለምጄ ነበር፤ አካሄዷ ተቀይሯል፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብላ ትራመዳለች፣ የሚያውቅ ሰው ያያታል። ከእኔ ጋር መሆኗ እንዳይታወቅ ነው የቀደምኩት። ግማሹን ዱቄት እኔ ተሸክሜያለሁ፣ ግማሹን እሷ በጀርባዋ አዝላለች። የአገዳው ፉርጎ የሚያልፍበትን ሐዲድ ተሻግረን የቦዩን ዳር ይዘን ስንመጣ ልጆቹ ሜዳው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ግርማ ሜዳው ዳር ለብቻው ተቀምጦ አገዳ ይልጣል።

«ተሾመ» ብላ ጠራችኝ።

ሰማሁ። ልጆቹ እያዩኝ ነበር። አልዞርኩም።

«ተሾመ፣ ቁም እስቲ፣ ልጄ።»

ፈጠን አልኩ። ሦስተኛው ጥሪ አልነበረም። ከኋላዬ የሰማሁት እንደ ከረጢት መውደቅ ያለ ድምፅ ነው፤ ዱቄቱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ አሁንም አልዞርኩም። የዞርኩት ግርማ አገዳውን ጥሎ በአጠገቤ ሲሮጥ አይቼ ነው። ስደርስ ግርማ መሬት ላይ ተቀምጦ የእናቴን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር። ነጭ ዱቄት ፊቷንና ፀጉሯን ሸፍኖታል፤ መላ አካሏ እየተንዘፈዘፈ ነው። ግርማ እጁን ግንባሯ ላይ አድርጎ፣ «እትዬ በለጡ፣ አይዞዎት፣ አይዞዎት» ይላል። እኔን አላየኝም፤ ወይም ሊያየኝ አልፈለገም።

ሴቶች ተሰበሰቡ። አዴ ጫልቱ እየሮጡ መጥተው ቀሚሷን ገለጥ ሲያደርጉ መቀነቱን አገኙት። ይፈቱት ጀመር። ዙሩ አላልቅ አላቸው። ሰባተኛው ሲፈታ ሆዷ ወጣ፤ ዘነበች ደግሞ የራሷን ሆድ ይዛ በስተኋላ ቆማለች። «ማነው እንዲህ አጥብቆ ያሰራት? ይህ የአንድ ሰው እጅ አይደለም» አሉ አዴ ጫልቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኩ።

አገዳ በሚጎትት ትራክተር ተጎታች ላይ አስተኝተው ወሰዷት፤ ከዚያም ወደ ናዝሬት ሆስፒታል አለፉ። አባቴ በማግስቱ ቀትር ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ታቅፎ ተመለሰ። ሴት ነበረች። አልተነፈሰችም። ክርስትና ስላልተነሳች ቤተ ክርስቲያን አልተወሰደችም፤ አባቴና ሁለት ጎረቤቶች ከቦዩ ማዶ ቀበሯት። ስም አልነበራትም። ቁመቷ ከአባቴ ክንድ አይበልጥም ነበር። እናቴ እስኪነጋ ትቆይ አትቆይ እንደማይታወቅ አባቴ ለጎረቤቶቹ ሲነግራቸው ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ።

እናቴ የፈራችው ሁሉ እንደፈራችው ሆነ። የዘነበች አማት በሦስተኛው ቀን መጡ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ግን «ከዚህ ቤት ይህ ነገር ወጥቶ ልጄን እዚህ አላስቀምጥም» ብለው እህቴን እያለቀሰች ወሰዷት። ሁሩታ በሰው እጅ ወለደች። እናቴ በሁለተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ስትመለስ አልጋው ባዶ ነው፤ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ቅቤ ቅል ውስጥ እንዳለ ነው። ጡቷ ግን ይህን አላወቀም። ወተቱ እየሞላ ያሰቃያት ነበርና ጓዳ ገብታ እያለበች ግድግዳው ላይ ትረጨው ነበር። ያ ግድግዳ ከጭቃ የተሠራ ነው፤ ወተቱ ሲደርቅ ነጫጭ መስመር ይሆናል። እዚያው በር ላይ፣ መቀነቱን ይዤ እቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሜ አንድ ቀን አየኋት። 

ከጥቂት ቀን በኋላ ግን አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ዓይኗ ገና ይደክማል፤ ድምጿ እንደሌላ ሰው ድምፅ ነው። «ያን ዕለት ጠርቼህ ነበር» አለችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። «ፋብሪካው ይጮሃል። አልሰማኸኝም፣ አይደል?» አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ፋብሪካው ዝም ብሎ ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን።

«አልሰማሁም» አልኳት።

«እኔም ለራሴ እንደዚያ ብያለሁ» አለች፤ ራሴን ዳበሰችኝ።

ያን ውሸት የሰጠችኝ እሷ ናት፤ እንደ ልብስ አለበሰችኝ። እኔም ወስጄ ለበስኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ የልጅ ልጆች አሳድጋለች፤ ሰናይትን ጨምሮ። አንድ ቀን እንኳ ስለዚያ ነገር አንስታ አታውቅም። መቀነቱን ግን አጥባ፣ አጥፋ አስቀመጠችው፤ ዳግም ስትታሰረው አላየሁም። ግርማም ግጥሙን አንድ ቀን መልሶ አልዘፈነብኝም። ልጆቹ ሊጀምሩ ሲሉ እሱ «ተዉ» አላቸው። ቢዘፍንብኝ ይሻለኝ ነበር።

አድጌ መጻሕፍት ማንበብ ስጀምር ከኤሌክትሪኩ ጎን ለጎን የጤና መጻሕፍት እየፈለግሁ አነብ ነበር። የእናቴ በሽታ ስም አለው፤ የእርግዝና ደም ግፊት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይበልጥ ይከሰታል። መቀነት አያመጣውም ይላል መጽሐፉ። ይህን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። መጽሐፉ ልክ ነው። ሕመሙን እኔ አላመጣሁትም። የደበቅሁት ግን እኔ ነኝ፤ ቢያዩዋት ያድኗት የነበሩትን ዓይኖች የሸፈንኩት እኔ ነኝ፤ ስትጠራኝ ያልዞርኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህኛው የተጻፈ መጽሐፍ አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ምን ይማራል ትላላችሁ? እኔ የተማርኩት ማስጠንቀቅን ብቻ ነው። ሴት ልጆቼን «በጊዜ ውለዱ» እያልኩ አሳደግሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ለፋሲካ ተሰብስበን፣ ሰናይት ስለ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ በአርባ ሦስት ዓመቷ መውለድ ስታወራ፣ «በዚህ ዕድሜ መውለድ ለልጅ እናት መስጠት አይደለም፤ ቀባሪነት ማውረስ ነው» አልኩ።  የተናገርኩት እውነት መስሎኝ ጉርሻዬን ቀጠልኩ። ሚስቴ ባለፈው ወር በሩን ዘግታ እንደነገረችኝ፣ ልጄ በዚያች ፋሲካ ሰሞን የመጀመሪያው ፅንስ ከወረዳት ገና አራት ሳምንቷ ነበር። ዓመት ቆይቶ ሁለተኛውም ወረደ። ሁለቱንም ጊዜ እናቷ ባቱ ሄዳ ስታስታምማት ለእኔ «ሰርግ አለ» ብላኝ ነው የወጣችው። ይህን ሦስተኛውን ሲደብቁኝ ሰፊ ቀሚሱን የመረጠችላት ሚስቴ ናት። እንግዲህ በአፌ ሁለት ሴት አስደብቄያለሁ፤ የወለደችኝንና የወለድኳትን።

ሚስቴ ይህን በነገረችኝ ማግስት ሚኒባስ ይዤ ባቱ ወረድኩ። ሰናይት በሩን ከፈተችልኝ፣ ሳመችኝ፣ ሻይ አፈላች፤ ሁሉንም እንደ እንግዳ። ሻዩ ሳይነካ ይህን የጻፍኩላችሁን ነገርኳት፤ ከግጥሙ እስከ ግድግዳው። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለእናቷም፣ ለዘነበችም። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እማማ ስትጠራህ ሰምተህ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር።»

አይዞህ አላለችኝም፤ ልጅ ነበርክ አላለችኝም። እንዲህ መሆኗ ከእኔ የወሰደችው ይሆናል። ብርጭቆዎቹን አነሳሳችና፣ «ነገ ቀጠሮ አለኝ። ብትፈልግ አብረኸኝ ና» አለች።

ሄድኩ። ነርሷ ልጄን አስቀምጣ ክንዷ ላይ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጠቀለለችባት። ጨርቁ ተነፋ፣ ጠበቀ፣ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ላላ። ዓይኔን ከዚያ ክንድ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ነርሷ አንዴ ለካች፣ አረፍ በይ አለቻት፣ ደግማ ለካች። ሐኪሙ ግፊቷ መጨመሩን ነገራት። በየሳምንቱ ትመጪያለሽ፣ ክኒኑን አታቋርጪም አላት። «ራስሽን ካመመሽ፣ እግርሽ በድንገት ካበጠ፣ ዓይንሽ ላይ ብልጭታ ካየሽ ነገ አትበይ፤ በዚያው ሰዓት ነይ።» ሃምሳ ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ የማውቀው የመሰለኝን ብልጭታ ይህ ልጅ እግር ሐኪም ለመጣ ሁሉ ይናገረዋል። የልጄ ልጅ በሕይወት ይወለድ እንደሆን ጠየቅሁት። ዋሽቶ አላጽናናኝም፤ «እንከታተላለን፣ አባት» አለኝ።

ዘመኑ ተለውጧል፤ አልክድም። ያኔ ስም ያልነበረው አሁን ስም አለው፣ መለኪያ አለው፣ መድኃኒት አለው። በጊዜ መውለድ ይሻላል ብዬ የማምነውንም አልተውኩም፤ ሐኪሙም ይለዋል። ነገር ግን ሐኪሙ የሚለው እንድትመጣ ነው፤ እኔ ያልኩት እንድትደበቅ ነው። በዚህ በኩል ከወንጂ አንድ እርምጃ አልተነቃነቅሁም ነበር። መቀነቱንም አልሰጠኋትም። ሌላ እገዛልሻለሁ፣ ከወለድሽ በኋላ የምትታሰሪው አልኳት። «ከወለድኩ» አለች።

ከግቢው ስንወጣ ፀሐይዋ በርትታለች፤ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራ ያነሳል። በረንዳው ላይ የተቀመጡ ሴቶች ሆዷን አይተው ወደ ፊቷ፣ ከፊቷ ወደ እኔ ሽበት ይመለከታሉ። ባጃጅ ልይዝላት ብዬ ወደ አስፋልቱ ፈጠን አልኩ። እግሬ ልማዱን አልረሳም ኖሯል፤ ሳላውቀው ቀድሜያት ሄጃለሁ።

«አባዬ» ብላ ጠራችኝ።

ዞርኩ። የደረስኩበትን ጥዬ ተመለስኩ። አጠገቧ ስደርስ ምንም አልሆነችም፤ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶባት ነበር። ጎንበስ ማለት ስለማትችል ትከሻዬን ይዛ ቆመች፤ እኔ ተንበርክኬ ጫማዋን አወለቅሁላት። እግሯ አብጧል። ጠጠሩን አራገፍኩት፤ ጫማውን ግን መልሼ ማድረጉን ቶሎ አልቻልኩበትም። ሴቶቹ ያዩናል። እያዩን፣ ቀስ ብለን አብረን ሄድን።